ወረቀት የሚውጠው ሰው

ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። የሆነ ነገር ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በእጄም ሠርቼበታለሁ። ሁለተኛውን ለመናገር ግን ከአርባ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።

ጊዜው የካቲት 1970 ዓ.ም. ነው። ቦታው ድሬዳዋ፣ አንድ የቀበሌ አዳራሽ። ሰዓቱ ሁልጊዜ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይዋ በጣሪያው ቆርቆሮ ቀዳዳዎች እየገባች በሰዉ ራስ ላይ ነጠብጣብ ትጥል ነበር።

ሁሉም ነገር በብርሃን ነው የሆነው...

ሰውየው ፕሮፌሰር ጥሩሰው ይባል ነበር። ፕሮፌሰርነቱን የሰጠው ራሱ ነው። ቀድሞ የባቡር ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር፤ ኋላ መድረክ ላይ እየወጣ የሰው ልብ የሚያነብ ሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጠያቂው ጥያቄውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ፣ አራት አጥፎ፣ በሩ ላይ ከተንጠለጠለው ከረጢት ውስጥ ይጥላል። ጥሩሰው አንዱን ያወጣል፤ ግንባሩን ያስነካዋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያም የጠያቂውን ስም ጠርቶ መልሱን ይናገራል።

በመጨረሻ ወረቀቱን አፉ ውስጥ ይከተዋል። ያላምጠዋል።

ይውጠዋል።

"ምስጢራችሁ ሆዴ ገባ" ይላል። "ከዚያ የሚያወጣው የለም።"

ሰው ያመነው በዚህ ነው። ትንቢቱን የሚጠራጠር እንኳ መዋጡን አይጠራጠርም ነበር። እኔ ግን በከንፈሩ ጥግ የሚቀረውን አረንጓዴ ዝቃጭ፣ ግማሹ ጫት ግማሹ ወረቀት የሆነውን፣ ባየሁ ቁጥር ወደ ደብተሬ አቀረቅር ነበር።

በር ላይ ቲኬት የሚቆርጠው ዑመር ይቀልድብኛል።

"አቦ፣ ደብተርሽን ደብቂ። ሰውዬው ምሳ አልበላም።"

የእኔ ሥራ መጻፍ ነበር። ዩኒቨርሲቲውን ከሦስተኛ ዓመት አቋርጬ ቤተሰቦቼ ዘንድ ተመልሼ ነበር። በእነዚያ ወራት የተመለሰ ተማሪ ሁሉ ይጠረጠራል። ስለዚህ ቀበሌው "በር ላይ ተቀምጠሽ መጻፍ ለማይችሉት ጻፊ" ሲለኝ ተቀመጥኩ።

ለኮከብ ቆጣሪ የሚሰጠው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን አያዛባም፤ የእናት ስም ከተሳሳተ ኮከቡ ይሳሳታል። ለአብዮት ጥበቃ "እንዲህ የሚባል ልጅ የለኝም" ብላ የማለች እናት፣ እዚያ በር ላይ ስትደርስ እውነቱን ትናገራለች። የክርስትና ስሙን ጭምር።

እኔም በጥንቃቄ እጽፍ ነበር፤ ሁልጊዜ በአንድ አጻጻፍ። "እናቱ እገሊት የሆነች፣ እገሌ የተባለው፣ በዚህ ስፍራ ይገኛል፤ መጨረሻው ምንድን ነው?"

በእጅ ጽሑፌ እኮራ ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ትርኢቱ ሲያበቃ፣ ጥሩሰው የተዋሰኝን ብዕሬን ልቀበል ከመድረኩ ጀርባ ገባሁ።

ጥሩሰው አጎንብሶ ጣሳ ውስጥ ይተፋ ነበር። የሚተፋው ባዶ ወረቀት ነው፤ የታኘከ፣ ምራቅ ያዘለ፣ እንደ ሕፃን ትውከት የሚዝለገለግ።

እውነተኞቹ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል።

ደረቅ ናቸው... አንዳቸውንም አፍ አልነካቸውም።

የቀበሌው ካድሬ፣ ጓድ ተሰማ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ከስም ዝርዝር ጋር ያመሳክራቸዋል። ቀና ብሎ አየኝ። አልደነገጠም።

"ያንቺ ጽሑፍ ነው?"

"አዎ።"

"ያምራል። ለማንበብ ምንም አላስቸገረንም።"

ጥሩሰው አፉን በእጅጌው ጠረገ። "ጓድ፣ እሷ እኮ አታውቅም" አለ በሹክሹክታ።

"አሁን አወቀች" አለ ተሰማ። "ቅዳሜ እንዳትቀሪ።"

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ከሠፈራችን አምስት ልጆች ተወስደው ነበር። አምስቱንም ጽፌያቸዋለሁ። ከነእናቶቻቸው።

ቤት ገብቼ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ።

ቅዳሜ ግን አልቀረሁም። የፈሪ ምክንያት ብዙ ነው፤ አልዘረዝረውም።

በዚያ ቅዳሜ ወይዘሮ ዘነበች መጡ።

ጎረቤታችን ናቸው። ቀፊራ ገበያ በርበሬ ይሸጣሉ። ወጣቱ ልጃቸው ጉግሳ ሲፈለግ ሁለት ወር አልፎታል፤ እሳቸው ለጠየቃቸው ሁሉ "ሥራ ፍለጋ ሄዷል" ይላሉ። ጠመንጃ የያዘ ዘብ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። አጎንብሰው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

"ልጄ፣ ጻፊልኝ።"

"እማማ፣ ዛሬ ይቅርብዎ።"

"ለምን?"

"ወደ ቤትዎ ይሂዱ... እባክዎ።"

"ምን ሆነሻል? ሰውየው ይውጠው የለም እንዴ?"

ዘቡ ዞር አለ። ብዕሬን አነሣሁ።

ይህን እሺታ አድርገው ወሰዱት። "ጉግሳ ነው። የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል። ሐርላ መንደር ነው ያለው፤ ከፍርስራሹ በታች፣ ፍየል የሚያሳድሩበት ጉድጓድ ውስጥ። ወደ ጅቡቲ ይሻገርልኛል ወይ? እሱን ብቻ ይንገረኝ።"

ወረቀቱን በመዳፌ ከልዬ ብዕሬን አንቀሳቀስኩ። ክዳኑን አልከፈትኩትም።

ባዶውን አራት አጥፌ ከረጢቱ ውስጥ ጣልኩ። ባዶ ወረቀት ማንንም አይገድልም ብዬ ነበር።

እማማ ዘነበች ግንባሬን ሳሙኝ።

ትርኢቱ ተጀመረ። አንደኛው የጠፋ በቅሎ ነው፤ ሁለተኛው የጋብቻ ጉዳይ። ሰዉ ሳቀ፤ አጨበጨበ። ጥሩሰው ሁለቱንም አላመጠ።

ሦስተኛውን አወጣ። የእኔ እጥፋት እንደሆነ ከሩቅ አወቅሁት።

ግንባሩን አስነካው። አውራ ጣቱ ወረቀቱን ገለጥ ሲያደርገው አየሁ፤ አሁን የት ማየት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ባዶ መሆኑን አየ። ፊቱ ላይ አነበብኩት።

ሊያልፈው ይችል ነበር። የሆነ ውሸት ፈጥሮ...

አፉን ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተው።

"እናቱ ዘነበች የሆነች..."

ድምፁ የእርሱ ነበር። አጻጻፉ የእኔ።

"...ወልደ ገብርኤል፣ ጉግሳ የተባለው... ሐርላ ይገኛል..."

በሁለት እጁ አፉን ያዘ። ቃሉ በጣቶቹ መካከል መውጣቱን አላቆመም።

"...ከፍርስራሹ በታች... ፍየል የሚያሳድሩበት ጉድጓድ ውስጥ... መጨረሻው ምንድን ነው?"

ለሃጩ በአገጩ ወረደ። ነጭ ሸሚዙ ላይ ተንጠባጠበ።

ሰማያዊ ነበር። የብዕሬ ቀለም።

ጓድ ተሰማ ከፊተኛው ረድፍ ተነሣ። ማስታወሻ እንኳ አልያዘም። ቀስ ብሎ ወጣ፤ ወዲያው ውጭ የመኪና ሞተር ጮኸ።

እማማ ዘነበች መድረኩን አላዩም። ዞረው የሚያዩት እኔን ነበር።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ጥሩሰው ከመጋረጃው ኋላ ጠራኝ። ጥርሱ ሰማያዊ ሆኗል። ትንፋሹ የረጠበ ደብተር ይሸታል። መዳፉን ዘረጋልኝ። ወረቀቱ እንዳለ ነው።

"ምንም የለበትም" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ከየት አነበብኩት?"

ወረቀቱን መዳፉ ላይ ገለበጥኩት።

"ካንቺ ነው" አለ። "ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ኖሬ... ዛሬ ምነው? ልክ ጆሮዬ ውስጥ ቁጭ ብለሽ የምትጽፊ ነበር የመሰለኝ።"

የሐርላ መንገድ ትዝ አለኝ። መኪናው አሁን የት ደርሶ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ጥሩሰው ጆሮውን ደፈነ።

"አታስቢ" አለኝ በሹክሹክታ። "በእናትሽ፣ ምንም አታስቢ... እሰማሻለሁ።"

ከዚያ ባዶውን ወረቀት አፉ ውስጥ ከተተ። አላመጠው። ጉሮሮው ሲወርድና ሲወጣ አየሁ። በእውነት ሲውጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰኞ ጧት ጉግሳን ቀፊራ ጥለውት አገኘነው፤ እናቱ በርበሬ ከሚዘረጉበት ቦታ ላይ። ደረቱ ላይ ወረቀት ለጥፈውበታል።

አላነበብኩትም።

ተሰማ በሰውየው በጣም ረክቶ ነበር። በሳምንቱ ወደ ባለሥልጣናት ስብሰባ ወሰደው፤ ከጓዶች መካከል በልቡ የከዳ ካለ እንዲያነብላቸው። ጥሩሰው አነበበ። መጀመሪያ የጠራው ስም የተሰማን ነው ይባላል፤ ከነእናቱ ስም። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱንም ያየ የለም። አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆነ።

እማማ ዘነበች እስከ ዕለተ ሞታቸው አንድ ቃል አላናገሩኝም። ከእሳቸው በርበሬ የሚገዛ ሁሉ ሰላምታ ያገኝ ነበር። እኔ ስመጣ ሚዛኑን ያስቀምጡና ይጠብቁ ነበር፤ እስክሄድ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ለማንም ደብዳቤ ጽፌ ግን አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። አፌን የቀለም ጣዕም ሞላው። ከምላሴ ሥር አንድ ነገር ቆረቆረኝ።

በሁለት ጣቴ አወጣሁት።

ቁራጭ ወረቀት ነው። አራት ታጥፏል፤ እኔ በማጥፈው ዓይነት።

ከአፌ ነው የወጣው... ደረቅ ነበር።

ገለጥኩት። ጽሑፉ የእኔ አይደለም። ፊደል ገና እንደሚማር ሰው እጅ የተንቀጠቀጠ ነው፤ ጠርዙ ላይ ቀይ የበርበሬ ብናኝ አለ።

የክርስትና ስሜ ተጽፎበታል። በሕይወት ካለ ሰው ማንም አያውቀውም።

ከፊቱ የእናቴ ስም አለ። ከኋላው የቤቴ አድራሻ።

ከዚያ በታች፦ "መጨረሻዋ ምንድን ነው?"