ያልተነሣው ጎምባር

በዚያ ማለዳ የዘንባራ ውሾች ጮኹ፤ ድምፃቸው ግን አልተሰማም። አፋቸውን ከፍተው፣ አንገታቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ሲጮኹ በዓይን ይታያል፤ በጆሮ ምንም የለም። ከውሾቹ ቀጥሎ ዶሮዎቹ ዝም አሉ፤ ከዶሮዎቹ ቀጥሎ የወፍጮው ውኃ። ውኃው ይወርዳል፣ ድንጋዩም ይዞራል፤ ድምፅ የለም። የቆላው ሰፈር ሰው ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ኮረብታው ላይ ወዳለው ቤተ መንግሥት ያየው። ታላቁ ነጋሪት ነጎዶ የሚቀመጥበት መደብ ባዶውን ቀርቷል።

ትርንጎ ይህን ያየችው ልጇን ታቅፋ ከደጇ ቆማ ነው። ትርንጎ ወጣት ናት፤ ባሏን የድልድይ ድንጋይ የገደለባት፣ በእጇ ሥራ የምታድር፣ የማንንም ደጅ የማትጠና። አንጓች የምትባል ጡት ያልጣለች ልጅ አለቻት። ልጅቱ እንደ ልማዷ ለጡት አለቀሰች። እንባዋ ወረደ፣ ፊቷ ቀላ፣ ድዷ ታየ፤ ልቅሶዋ ግን አልወጣም። ትርንጎ ጆሮዋን ከልጅቱ አፍ ላይ ለጠፈችው። ትኩስ ትንፋሽ ብቻ።

ምን እንደመጣ ታውቃለች፤ በዘንባራ ይህን የማያውቅ የለም። በሙሽጋ ገደል ውስጥ አንድ ዝምታ ይኖራል። ሰው የሚያርፍበት ዓይነት ዝምታ አይደለም፤ ይሄኛው ይበላል። መጀመሪያ ድምፅን ይበላል፤ ድምፅ ሲያልቅበት ትንፋሽን። ነጎዶ በየምሽቱ ሲመታ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ ካልተመታ ደግሞ ይወጣል። የቆላው ሰው ልጁንና ሽማግሌውን ተሸክሞ ወደ ኮረብታው ሲሸሽ የአዋቂዎቹ ድምፅ መንገድ ላይ ተመለሰ። የሕፃናቱ አልተመለሰም።

ሌባውን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ነጎዶን ሠላሳ ጎልማሳ ተረባርቦ አይነቀንቀውም፤ ጎምባር የሚባለው ፍጡር ግን ብቻውን ይሸከመዋል። በመደቡ ዙሪያ ያለው እርጥብ አፈር ላይ የአራት መዳፍ አሻራ ነበር፤ ዱካውም ወደ ሙሽጋ ይወርዳል።

ጎምባር ቁመቱ ከበር መቃን ያልፋል። አራት ክንድ አለው፤ ቆዳው ዝናብ እንደመታው ጥቁር ድንጋይ ያብረቀርቃል። አይናገርም፤ ደስ ሲለው ከደረቱ ውስጥ እንደ ንብ ቀፎ እምም ይላል። ድልድይ ይሠራል፣ በሽተኛ ተሸክሞ ወንዝ ያሻግራል፣ ዘንዶ ከመጣ ዘንዶውን አንቆ ይጥላል። ይህ ሁሉ ጉልበት እያለው ለሰው የሚታዘዘው በየማለዳው በሚደረግ ትግል ነው። ሰውየው ወገቡን ይዞ ይገፋዋል፤ ጎምባሩም ይወድቅለታል። አዎ፣ ይወድቅለታል! ጎምባር ሳይፈልግ የጣለው ሰው እስካሁን አልተወለደም። ከዚያ የጣለው ሰው እጁን ይዘረጋና «ተነሥ፣ የኔ ነህ» ብሎ ያነሣዋል። ቃል ኪዳኑ መጣሉ ላይ አይደለም፤ ማንሣቱ ላይ ነው። አንድ ሰው የሚያነሣው ደግሞ አንድ ጎምባር ብቻ ነው። ሌላ ያነሣ እለት የፊተኛውን ለቀቀው፤ የተለቀቀ ጎምባር ካለበት ይቀመጣል፤ ልቡም ይቆማል። ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ሲሆን ግን ያላየ የለም።

የትርንጎ ጎምባር መከታ ይባላል። ባሏን ከድንጋዩ ሥር ቆፍሮ ያወጣላት፣ አንጓችን በአንድ መዳፉ አቅፎ የሚያስተኛት እርሱ ነው። በዚያ ማለዳም ልጅቱን ከእናቷ ተቀብሎ ጆሮውን ከአፏ ላይ አደረገ፤ ዓይኑም ፈጠጠ። ጎምባር ሲፈራ ማየት ክፉ ነው።

ንጉሥ ወረንጎ በሰገነቱ ላይ ካባውን ደርቦ ሕዝቡን ሰበሰበ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ቃሉ ግን እንደ ወትሮው ያበጠ ነው።

«የዘንባራ ልጆች ሆይ! ከማናውቀው አገር የመጣ ጎምባር በበዓላችን ቀን በፊታችን ወድቆ ነበር። እኛም በገዛ ክንዳችን ጣልነው! አሁን ግን ውለታችንን በልቶ ነጎዶን ሰረቀ። ወደ ሙሽጋ ወርዶ የሚያመጣልን ጀግና ማነው? የግዛታችንን እኩሌታ እንሰጠዋለን!»

ጀግና ተብዬው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ጦር የታጠቀው፣ ጎፈር የደፋው፣ ትናንት ሲፎክር የዋለው ሁሉ የጫማውን ክር የሚፈታ መሰለ። ትርንጎ ልጇን ለጎረቤቷ አስታቅፋ ወጣች።

«ግዛትዎን ለራስዎ ይያዙት፣ ንጉሥ ሆይ። እኔ የምወርደው ለልጄ ልቅሶ ነው። እናንተ ሁሉ ስሙኝ! ነጎዶን ሳልይዝ ከተመለስኩ ይህች ምድር አትቀበለኝ። ያጠባሁት ጡት ይድረቅ!»

«ወንዶች እያሉ ሴት ትሂድ?» አለ አንድ ባለ ጎፈር።

«ወንዶቹን እስቲ አሳየኝና ልቁጠራቸው።»

ሰውየው ወደ ኋላ ተመለሰ። ከሕዝቡ መካከል ግን አንድ ሽማግሌ እያነከሰ መጣ፤ የነጎዶ መቺ አያ ደርበው። መምቻ ዘንጉን ብብቱ ውስጥ ሸጉጧል።

«ነጋሪት ያለ መቺ ምን ያደርግልሻል? ድስት ልትሠሪበት ነው?»

«አያ ደርበው፣ እግርዎ ያነክሳል።»

«እጄ አያነክስም። ቅደሚ።»

ሦስቱ ቁልቁል ወረዱ፤ መከታ ከፊት፣ እነርሱ ከኋላ። ዝምታው ከመጀመሩ በፊት ትርንጎ ሦስቱንም ወገብ ለወገብ በጠፍር አሰረች፤ ምልክቱም፦ ከሳቡት ቁም፣ ከላላ ሂድ። አያ ደርበው ሲፈራ አፉ አይገጥምም፤ መንገዱን ሁሉ ለፈለፈ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ቆይ ድምፄ እያለ። በበዓሉ ቀን ንጉሡ እንግዳውን ጎምባር የጣለ ጊዜ አጠገቡ ነበርኩ።»

«ማን ያላየ አለ? እልልታው ሰማይ ነክቶ ነበር።»

«እልልታውማ ነው ጉዱ። ንጉሣችን እልልታ ሲሰማ ነገር ይረሳል። ክንዱን እያሳየ፣ እየተጎማለለ ወደ ድንኳኑ ገባ። ሕዝቡም ተከትሎት ሄደ። እጁን አልዘረጋም።»

ትርንጎ ቆመች፤ ጠፍሩ ተወጠረ። «አላነሣውም?»

«አላነሣውም። ዝናቡ ወርዶ ወርዶ እስኪያባራ ድረስ በጀርባው ተንጋሎ ነበር፤ አራት እጁን ዘርግቶ። ሰው እየተረማመደበት አለፈ። ወድቆ መነሣት ያጣ ጎምባር የማን ነው? የማንም። በሆዱ ምን እንዳሰበ ማን ያውቃል…»

ቃሉን አልጨረሰም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ተቆርጧል። ትርንጎም «አያ ደርበው!» ብላ ጮኸች፤ በራሷ ጉሮሮ ውስጥ እንጂ ከዚያ አልወጣም። ዝምታው ውስጥ ገብተዋል።

እዚያ ያዩት አይጣል ነው። የወደቁ ወፎች መንገዱን እንደ ቅጠል አልብሰውታል። ከአንድ ዋርካ ሥር የጨው ነጋዴዎች ከነአህዮቻቸው ቆመዋል፤ አፋቸው እንደተከፈተ፣ እጃቸው ጉሮሯቸውን እንደያዘ፤ ትርንጎ አንዱን በጣቷ ስትነካው እንደ ግንድ ወደቀ፤ አወዳደቁም ድምፅ አልነበረውም። እግሯ ጠጠር ይረግጣል፣ አይሰማትም። ልቧ ይመታ እንደሆነ ለማወቅ መዳፏን ደረቷ ላይ ማድረግ ነበረባት። ከሁሉ የከፋው ግን ጀርባዋ ነው፤ ከኋላዋ ማን እንደሚመጣ በጆሮዋ ማወቅ ስለማትችል በየእርምጃው ትዞራለች። ትንፋሿም እየከበደ፣ እያጠረ መጣ። አንጓችም አሁን እንዲህ እየሆነች ነው ብላ አሰበች፤ ፍርሃቷም ከእግሯ ይልቅ ፈጥኖ ወደ ፊት ጎተታት።

ከገደሉ ሥር እንግዳው ተቀምጧል። ከመከታ በቁመትም በግዝፈትም ይበልጣል። ነጎዶን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን አቅፎ፣ በሁለቱ እጆቹ መሬቱን ይዟል። ሲያያቸው ነጋሪቱን ወደ ጎን አስቀመጠና ተነሣ።

መከታ ጠፍሩን በጥሶ ገባበት።

ጎምባሮች ሲጋጠሙ ተራራ ይጮኻል ይባላል። ያን ቀን ግን ምንም አልጮኸም። ቡጢው ሲያርፍ፣ ድንጋዩ ሲሰነጠቅ፣ የመከታ አንድ ክንድ እንደ ጭራሮ ሲሰበር ትርንጎ የምታየው በዓይኗ ብቻ ነው፤ የማይሰማ ጠብ ከሚሰማው ሺህ ጊዜ ያስፈራል። ሁለተኛ ክንዱ ተሰበረ። እንግዳው ከቋጥኝ ጋር አጣብቆት ጎድኑ ገባ። ትርንጎ ዓይኗን ሸፈነች፤ መልሳ ገለጠች። መከታ በቀሩት ሁለት እጆቹ የእንግዳውን ወገብ እንደ ማለዳው ትግል ያዘ፤ ገፋ፤ እንግዳውም ወደቀ።

ወድቆም አልተነሣም። አራት እጁን ዘርግቶ ተንጋለለ። ዓይኑ ከመከታ አልፎ ትርንጎ ላይ ተተከለ። ሰው ነው የሚጠብቀው።

አያ ደርበው እያነከሰ ወደ ነጎዶ ሮጦ ዘንጉን አነሣ፤ መታ። ቆዳው ረገበ፤ ድምፅ የለም። በገደሉ ጥልቅ ዝምታው ድምፁን ሳይወለድ ይውጠዋል። ሽማግሌው በእጁ ወደ ላይ አመለከተ፦ ከገደሉ አፋፍ ካልወጣ አይሆንም። መከታ ነጋሪቱን ሊያነሣ ጎነበሰ። ከአፉ ደም ወረደ። በሁለት እጅና በተሰበረ ጎድን ነጎዶ አይነሣም። ደግሞ ሞከረ። ተንበረከከ።

አያ ደርበውም ጉሮሮውን ይዞ ቁጭ አለ፤ ፊቱ ወደ ጥቁር ሰማያዊ አደላ።

ትርንጎ እንግዳውን አየችው፤ ሁለት ጊዜ ተንጋሎ ሁለት ጊዜ ሰው የጠበቀውን። ነጎዶን ሊያወጣ የሚችል እርሱ ብቻ ነው። እጇን ከዘረጋችለት ግን መከታን ለቀቀችው። እጇ አልንቀሳቀስ አላት። በዚያ ላይ ያ ፍጡር አንዴ ቢጨብጣት ክንዷን ከትከሻዋ ነቅሎ ሊጥለው ይችላል። በአፏ «አልችልም» አለች፤ ማንም አልሰማትም፣ እርሷም አልሰማችም።

መከታ ግን አየ። እየተጎተተ መጣ። በደህናው እጁ የእጇን አንጓ ያዘ፤ ልጅቱን ሲያስተኛ እንደሚይዛት በቀስታ። እጇን ሳበች፤ አልለቀቃትም። እጇን ወስዶ በእንግዳው መዳፍ ውስጥ አኖረው፤ ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጠፈላት።

«ተነሥ» አለች ትርንጎ በከንፈሯ ብቻ፤ እንባዋ እየወረደ። «የኔ ነህ።»

እንግዳው ተነሣ። አልሰበራትም። ነጎዶን በጀርባው አዘለ፤ ሽማግሌውን በአንድ ክንዱ፣ እርሷን በሌላው አንሥቶ ዳገቱን ወደ ላይ ቧጠጠ። ዝምታው ከሥራቸው እንደ ጎርፍ ተነሣ፤ ድንጋዩ ሲጠቁር ይታይ ነበር። ትርንጎ ወደ ታች ስታይ መከታ በጠባቡ መውጫ ላይ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀምጧል፤ ሁለት ክንዱን ከግራና ቀኝ ቋጥኝ ተክሏል። ጥቁረቱ ደረቱ ላይ ደርሶ ቆመ። ጥቂት ብቻ፣ ግን ቆመ። ከዚያም ራሱ ወደ ፊት ተደፋ። ትርንጎ አፏን ከፍታ ጮኸች፤ ልቅሶዋን ገደሉ በላው።

ከአፋፉ ላይ አያ ደርበው በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ መታ።

«ድም!»

ምድር ተንቀጠቀጠች። ደግሞ መታ። ነፋሱ መጣ፣ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ፣ ከሩቅ አህያ አናፋ። ዝምታው ወደ ጉድጓዱ ሲሸሽ እንደ ቆሰለ አውሬ ራሱ ጮኸ። ሽማግሌው መምታቱን አላቆመም፤ እጁ ደምቶ ዘንጉ እስኪንሸራተት ድረስ።

ሲመለሱ የዘንባራ ሕዝብ በበሩ ተሰልፎ ጠበቃቸው። ንጉሥ ወረንጎ ካባውን ጥሎ ወረደ፤ እንግዳው ፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ። እንግዳው አላየውም፤ አልፎት ሄደ።

«ዘገዩ፣ ንጉሥ ሆይ» አለው አያ ደርበው። «ያን ቀን ዝናብ ነበር፤ ዛሬ ፀሐይ ነው።»

ትርንጎ አልቆመችም። ሕዝቡን በክንዷ እየገፋች ወደ ጎረቤቷ ቤት ሮጠች። ከደጁ ሳትደርስ ሰማችው፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሰፈር የሚያናውጥ ልቅሶ። አንጓች እግሯን እያወራጨች ታለቅሳለች። ሴቶቹ እየሳቁ፣ እልል እያሉ ከብበዋታል።

«ነይ፣ አጥቢያት! እሹሩሩ በያት እንጂ!» አለች ጎረቤቷ።

ትርንጎ ልጇን ተቀበለች። ጡቷን ግን አላወጣችም፤ አላወዛወዘቻትም። ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ተዉአት» አለች። «መከታ ሲሞት ድምፅ አውጥቶ ያለቀሰለት ሰው የለም። እኔም ጮኼ አልወጣልኝም። ታልቅስለት።»

እልልታው ቆመ። ጎረቤቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። ልጅቱ ምንም ሳታውቅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ልቅሶውን ተቀበሏት።