ማንም ያልገባበት ዋሻ

ደራሲው ሞቶ የተገኘው ድምፅ መቅረጫ ክፍል ውስጥ ነው። የማዳመጫው ገመድ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። ፊት ለፊቱ ያለው ስክሪን ግን አልጠፋም። አንድ ጥቁር ዘንዶ ዋሻ ውስጥ ተጋድሞ በዝግታ ይተነፍሳል።

መርማሪዋ ድምፁን አስጠፋች። እንዲያም ሆኖ ክፍሉ ውስጥ የሚተነፍስ ነገር ያለ መሰላት።

መሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ጌም ይሠራል። ደራሲው የድሮ ታሪክና አፈ ታሪክ እየለቃቀመ የጌሙን ዓለም ይፈጥራል፤ ሠዓሊው ይስለዋል፤ ፕሮግራመሩ ነፍስ ይዘራበታል። ዘንዶው የመጣው ከሠዓሊው የትውልድ መንደር ተረት ነው። ዋሻው በእውን አለ። የገባ አይወጣም ስለሚባል የሚደፍረው የለም።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ፕሮግራመሩ ነበር። ከሟቹ ጋር አይጥና ድመት ናቸው።

«‹ሳየው አንቀህ ግደለው ይለኛል› ብለሃል አሉ።»

«ብያለሁ። ያለው አፌ ነው እንጂ እጄ አይደለም! እሱ በሞተበት ማታ ከሥራ እንደወጣሁ እህቴን ሆስፒታል ይዤ ሄድኩ። ሐኪሞቹን ይጠይቁ።»

ጠየቀች። እውነቱን ነው።

ሠዓሊውን አስጠራችው። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«መጨረሻ ላይ ምን አወራችሁ?»

«ስለ ሥራ። ዋሻው ድረስ ሄጄ የውስጡን ድምፅ እቀርጻለሁ አለኝ። ተው፣ ይቅርብህ አልኩት።»

«ለምን?»

«ታላቅ ወንድሜን የበላው እሱ ዋሻ ነው።»

«አንተ ገብተህ ታውቃለህ?»

«እኔ? ደጃፉንም ረግጬ አላውቅ። የሳልኩት ከልቤ አውጥቼ ነው።»

በነጋታው መርማሪዋ ደራሲው ሊሄድበት ያሰበውን ዋሻ ለማየት ፖሊሶች አስከትላ ሄደች። የመንደሩ ሰው ከሩቅ ቆሞ ያያታል። ባትሪዋን አብርታ፣ ጎንበስ ብላ ገባች። የዋሻውን እጥፋት እንዳለፈች ባለችበት ቆመች።

ቦታውን ታውቀዋለች። ሁለት ጣት የመሰለው ዓለት፣ ከጣሪያው እንደ ጥርስ የወረደው ድንጋይ፣ በግራ በኩል ያለው ጠባብ ጉድጓድ፤ ሁሉንም ስክሪኑ ላይ አይታዋለች።

ጉድጓዱ ውስጥ የሰው አጥንት ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል።

መርማሪዋ የአጥንቱን ፎቶ ሠዓሊው ፊት አስቀመጠች።

«ያልገባህበትን ዋሻ ውስጡን እንዴት አወቅከው?»

ሠዓሊው ፎቶውን በጀርባው ገለበጠው።

«ዓይኔን ስጨፍን ሌላ ቦታ አይታየኝም።»

«ወንድምህ ምን አደረገህ?»

«ምንም። እናቴ ከእሱ ሌላ ልጅ ያላት አትመስልም ነበር። በድንጋይ መታሁት። ዘንዶ በላው አልኩ፤ አገሩ ሁሉ አመነኝ። ይሄ ደራሲ ግን ዋሻው እገባለሁ አለ። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ‹አንተ ትልቅ ሰው፣ ተረት ትፈራለህ?› ብሎ ሳቀብኝ። ጀርባውን ሲሰጠኝ... ገመዱ እጄ ላይ ነበር።»

ለእናትየው መርዶውን መንገር የመርማሪዋ ዕጣ ሆነ። አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ ልጅዎ ተገኝቷል። የገደለው ዘንዶ አይደለም። ሰው ነው።»

አሮጊቷ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያዙ። ቆይተው ቀና አሉ።

«ትንሹ ልጄ ሰምቷል? ቀስ ብላችሁ ንገሩት፣ የኔ ልጅ። ከእኔ ይልቅ ያለቀሰለት እሱ ነው።»