ሁለቱ አራተኛ እትሞች

የካሳው አለቃ ሊዮር የሰጠው ቃል፦ ጀምበሩን የገደለው ካሳው የጻፈው ኮድ ነው።

ካሳው የሰጠው ቃል፦ ማሽኑ ላይ ያለው እኔ የጻፍኩት ቢሆን ኖሮ ጀምበሩ ዛሬ በሕይወት ነበር።

መርማሪ ምሥራቅ ሁለቱንም መዝግባ አሚሻቭ ሰፈር ወደሚገኘው የሟቹ ቤት ሄደች። ጀምበሩ የሞተው ሰጉላ የኢንዱስትሪ መንደር በሚገኝ ፋብሪካ፣ የብረት መጨፍለቂያ ማሽን ክንድ ወርዶበት ነው። ክንዱ ሥር ምንም ነገር ሲገባ ማሽኑን የሚያስቆም ኮድ አለ። ካሳው ጽፎት የሥራ ባልደረቦቹ በጋራ ማኅደር አስቀምጠው ለየደንበኛው ይጭኑታል።

«ሰሞኑን ማሽኗ ተሻላት ይል ነበር» አለች ሚስቱ ድንቅነሽ።

«እንዴት?»

«ድሮ ጨርቅ ሲወድቅባትም ቀጥ ትል ነበር። ከእሑድ ወዲህ አትቆምም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የካሳው ነገር እውነት ነው? ቤቴ ገብቶ የበላ ልጅ ነው።»

እሑድ ኮዱን የጫነችው ያርደን ቢሮዋ ውስጥ ተጠየቀች።

«ከማኅደሩ አራተኛውን እትም ወሰድኩ። ውስጡን አላየሁም፤ እዚህ ሁላችንም ቁጥሩን ነው የምናምነው።»

«ካሳው በኋላ ቢነካካውስ?»

«ኮምፒዩተሩ አምስት ይለዋል። ቁጥሩ ሳይለወጥ በድሮው ላይ መጻፍ የሚችለው ኃላፊያችን ሊዮር ብቻ ነው።»

በማግስቱ ምሥራቅ ሁሉንም ከፋብሪካው ጎን፣ ተመሳሳይ ማሽን ባለው ወርክሾፕ ሰበሰበቻቸው። ድንቅነሽና የእነ ካሳው ኩባንያ ባለቤት ዮታምም መጡ። ማሽኑ ሲነሣ ስክሪኑ ላይ 4 የሚል ቁጥር በራ። ምሥራቅ ክንዱ ሥር ጨርቅ ጣለች። ማሽኑ ቆመ።

«ይህ አራተኛ እትም ለፋሲካ የተጫነ ነው። ጀምበሩን የገደለውም አራት ይላል፤ ትናንት ጨርቅ ስጥልበት ግን አልቆመም። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ኮድ። ካሳው ቢለውጠው ቁጥሩ ይለወጥ ነበር። ያርደንም እንደዚያው። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ የማኅደሩን ኮድ ለውጦ ቁጥሩን የተወው አንተ ነህ፣ ሊዮር።»

«ካሳው የአገርሽ ልጅ ስለሆነ ነው?»

«ጨርቁም የአገሬ ልጅ ነው እንዴ?»

ሊዮር መሬት መሬት አየ። «ደንበኛው ማሽኑ በከንቱ ይቆማል እያለ አላስቀምጥ አለኝ። ለጊዜው ብዬ ነበር።»

ምሥራቅ ሊዮርን ይዛ ወደ በሩ ስታመራ ዮታም ካሳውን ጠጋ አለው።

«ነገሩን አታስፋው። ሌሎቹ ደንበኞች ከሰሙ ኩባንያው ይዘጋል። የሊዮርን ቦታ አንተ ትይዛለህ፣ በሰደር፣ እሺ?»

«ሊዮር ከለወጠው በኋላ ለማን ለማን ተጭኗል?»

ካሳው ወደ ድንቅነሽ ዞረ፤ ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እቴቴ፣ ቦታው ይቅርብኝ። አራተኛውን እትም ለወሰደው ደንበኛ ሁሉ አሁኑኑ ደውዬ ‹ማሽኑን አቁሙ› እላለሁ።»