ከችፑዱ ማዶ

ሁለቱን የመማሪያ ክፍሎች የሚለያቸው አንድ ስስ የችፑድ ግድግዳ ነበር። እሷ ከወዲህ ሒሳብ ታስተምራለች፣ እሱ ከወዲያ ታሪክ። መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቿ ሲንጫጩ ከማዶ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ጸጥ አድርጊያቸው ማለቱ ነው። እሷም ተናድዳ ሁለቴ ትመልስለታለች። ውሎ አድሮ ግን ክፍሉ ጸጥ ባለበት ሰዓትም ይንኳኳ ጀመር።

ልጆቹ ቀድመው ነቁ።

«ቲቸር፣ ሰው እያንኳኳ ነው» አለቻት አንዷ ቀበጥ።

«አይጥ ነው» አለች፤ ሳቋን እንዳያዩባት ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ።

ተጫጩ። ከዚያ እሷ ርዕሰ መምህር ሆነች፣ ሱፐርቫይዘር ሆነች፣ በመጨረሻም የከተማው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ኃላፊ። ሹመት በመጣ ቁጥር ሠርጋቸው ይገፋል።

«ይሄ ሴሚስተር ይለፍ፣ የኔ ጌታ» ትለዋለች። ሴሚስተሩ ያልፋል፤ እሷም አብራ ታልፋለች።

ዘንድሮ እሱ አሁንም የሚያስተምርበት ያ ትምህርት ቤት እንዲዘጋ ወሰነች። ሕንጻው ተሰነጣጥቋል፤ ውሳኔው ትክክል ነበር። ሲሰማ ቤቷ ድረስ መጣ።

«ዝጊው፤ ልጆቹ ላይ ከሚናድ ይሻላል። ግን ራስሽ መጥተሽ ንገሪያቸው።»

«እመጣለሁ።»

«እኔም ከማዶ አለሁልሽ። ባለፈው ስብሰባ ላይ እንደ እንግዳ ጨብጠሽኝ አለፍሽ።»

«ሰው ምን ይላል ብዬ እኮ ነው።»

«አሁንም የማታውቂኝ ከመሰልሽ፣ በቃ፣ አንተዋወቅም» አላት። እየቀለደ መስሏት ሳቀች።

በቀኑ ወላጆቹ የድሮ ክፍሏን ሞሉት። እሱ ከማዶ እያስተማረ ነው። ውሳኔውን አንብባ ሳትጨርስ አንዲት እናት ተነሡ።

«ልጄ በየትኛው እግሯ ነው እዚያ ሩቅ ትምህርት ቤት ድረስ የምትሄደው? አንቺስ እዚችው አልነበርሽም እንዴ?»

መልስ ፍለጋ ያነበበችውን መስመር ደግማ አነበበች።

ያኔ ከማዶ፣ ቀስ ብሎ፣ ኳ ኳ አለ። አይዞሽ ማለቱ እንደሆነ አላጣችውም። ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረ። አንዱ ሳቅ አለ። ጣቶቿ ችፑዱን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም፤ ሰብስባ መነጽሯን አስተካከለችባቸው።

«እባክህ ያንን ሰውዬ ዝም በል በልልኝ» አለችው ረዳቷን። «ስብሰባ ላይ ነን።»

ሰው ሁሉ ሲወጣ ብቻዋን ቀረች። ሁለቴ አንኳኳች። ጠበቀች። ደገመች።

«ክብርት ኃላፊ» አለ የሚያውቃት ድምፅ፣ እንደ ድሮው ከጆሮዋ ሥር። «በሩ ክፍት ነው። ግድግዳ መምታት አያስፈልግዎትም።»

በእሱ ክፍል በር ለመግባት በረንዳው ላይ የሚጠብቋትን ባለሥልጣኖች ማለፍ ነበረባት። ወጣች፤ አለፈቻቸውም። በሩንም አልፋው ወደ መኪናዋ ሄደች።

የአሁኑ ቢሮዋ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ከማዶ ምንም አይሰማም። አንዳንዴ ስብሰባ ሲረዝም ጣቷ ሳታውቀው ጠረጴዛውን ኳ ኳ ያደርጋል። ወዲያው ሁሉም ዝም ይላል፤ አለቃቸው ልትናገር መስሏቸው አፍ አፏን ያያሉ።

«ምንም» ትላለች። «ቀጥሉ።»