በኢድሪስ ማይክ የተናገረው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ፊቴን ወደ ስፌት መኪናዬ የማዞር ሰው ነኝ፣ ጅኒ ታየኝ የሚል ሁሉ ወይ ወባ ይዞታል ወይ ሙቀት አናቱ ላይ ወጥቶበታል እል ነበር፣ ገዳሪፍ ላይ ደግሞ ሁለቱም ሞልተዋል፤ ስለዚህ ይህን ስነግርህ ትኩሳት እንዳልነበረብኝ፣ በልቼ፣ ደህና አድሬ፣ ነገሩም የሆነው በጠራራ ፀሐይ ሰው መሃል መሆኑን አስቀድመህ ያዝልኝ።

የአካባቢያችን ራዲዮ አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የሚሰጠው አንድ ፕሮግራም አለ፣ መጀመሪያ የአገር ባህል፣ ቀጥሎ ለልጆች የፊደል ትምህርት፣ ከዚያ ዘፈን፣ መጨረሻ ላይ የሰፈር ኳስ በቀጥታ ከሜዳ። ኳሱን የሚያስተላልፈው ኢድሪስ ነበር፣ ኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ አብሮኝ ያደገ፣ ሥራ ፍለጋም አብሮኝ ወደ ገዳሪፍ የመጣ ጓደኛዬ። ሰው ሲፈለግ ሁለታችንም ተፈትነን ነበር፣ እኔ ማይኩ ፊት ቃሉ ሁሉ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ፣ የኢድሪስ አፍ ደግሞ ድሮም አይከደንም፣ እሱ ተቀጠረ። እመነኝ፣ ቦታው ለእሱ አይገባም ነበር፣ ማን እንደመታ እንኳ አይለይም፣ ግብ ሲገባ ብቻ «ያ ሰላም!» ብሎ ይጮሃል፣ ሰውም ለዚያችው ጩኸት ይወደዋል። እኔ ግን እየሰፋሁ በልቤ ጨዋታ የማስተላልፍ ሰው ነኝ፣ ማይኩ አንድ ቀን እጄ ሲገባ የምላቸውን ቃላት እንደ ጥሩ ጨርቅ አጣጥፌ አስቀምጬአለሁ። አንዷን ልንገርህ። ሰሊጥ አጨዳው ከዘገየበት ገና ሲነኩት ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ መከላከሉ የላላ ቡድን ሳይ «እንደ ዘገየ ሰሊጥ ሲነኩት ተራገፈ» እላለሁ፣ በልቤ ብቻ፣ ለማንም ሳልነግር።

ያን አርብ የዳቦ ቤት ሠራተኞችና የእህል ገበያው ተሸካሚዎች ይጫወቱ ነበር። ሜዳ አልሄድኩም፣ ኢድሪስ ማይክ ጨብጦ ማየት አቅቶኝ እትዬ ዛህራ ሻይ ቤት፣ ራዲዮው የተሰቀለበት ምሰሶ ስር ተቀመጥኩ።

«ጓደኛህ እየጮኸልህ ምነው እዚህ ቀረህ?» አለችኝ የከርከዴ ሻዩን እያስቀመጠች።

«ፀሐዩ ከበደኝ፣ እትዬ።»

«ፀሐዩ ነው ወይስ ኢድሪስ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ የኢድሪስ ድምፅ መሻከር ጀመረ፣ ሳል ያዘው፣ ቀጥሎ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዝምታው ውስጥ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ሁለቴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እህ፣ እህ፣ ጨዋታውንም ቀጠለ። ረጋ ያለ ድምፅ ነው፣ ማን ለማን እንዳቀበለ፣ አቧራው ወደየት እንደሚነፍስ፣ አንዳች አይስትም። በመጨረሻ የተሸካሚዎቹ ግብ ሲደፈር «መከላከሉ» አለ፣ «እንደ ዘገየ ሰሊጥ ሲነኩት ተራገፈ።»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ያልኩት «ኢድሪስ ሰረቀኝ!» ነው፣ ከዚያ ለማንም እንዳልነገርኩ ትዝ አለኝ።

«ሙሌ፣ ቀድተህ ሰጥተሃቸው ነው?» አለች እትዬ ዛህራ።

«ምኑን?»

«ድምፅህን ነዋ! ይሄ አንተ አይደለህም እንዴ?»

ሰው የገዛ ድምፁን ከውጭ ሲሰማው ይጠፋበታል፣ እኔም አልለየሁትም፣ ግን አጠገቤ የነበረው የባለ ሦስት ጎማ ራክሻ ነጂ አንዴ ራዲዮውን አንዴ እኔን አየና «ወላሂ እሱ ነው» ብሎ እስከ አግዳሚው ጥግ ድረስ ሸሸኝ። አሳቃለሁ ብዬ እንደ ልማዴ ሁለቴ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ራዲዮው ውስጥ ያለው ሰው አረፍተ ነገሩን መሃል ላይ አቋርጦ ጠበቀኝ፣ ስጨርስ ቀጠለ።

ወደ ሜዳ ሮጥኩ። ስደርስ ጨዋታው አልቋል፣ ኢድሪስ ማይኩ ያለበት ዳስ ስር ውሃ ይጠጣል፣ ድምፁ ተዘግቶ በሹክሹክታ ነው የሚናገረው።

«የት ጠፋህ አንተ? አመሰግናለሁ እንኳ ሳልልህ!»

«ገና አሁን መምጣቴ ነው።»

«ኧረ ባክህ! ጉሮሮዬ ሲዘጋ ከኋላ መጥተህ ትከሻዬን ነክተህ ማይኩን አልተቀበልከኝም? በዚህችው ሸሚዝህ!»

ሸሚዟን ከሁለት የጨርቅ ትራፊ ራሴ ነኝ የሰፋኋት፣ እጅጌዎቿ እንኳ አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ሁለተኛ የላትም።

«እትዬ ዛህራ ጋ ነበርኩ፣ ጠይቃት።»

ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ተወና እኔ ሁልጊዜ እሱን በማይበት ዓይን አየኝ። «ይህን ሁሉ ደብቀህ ስትስቅብኝ ኖረሃል ለካ። ማይኬን ከፈለግህ ፊት ለፊት ንገረኝ እንጂ፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ።»

ላስረዳው አፌን ስከፍት የፕሮግራሙ ኃላፊ ኡስታዝ ከማል መጥቶ እጄን ጨበጠኝ፣ ከሚቀጥለው አርብ ጀምሮ ኳሱ ያንተ ነው አለኝ፣ ኢድሪስ ይሰማል። እኔም፣ አየህ፣ እሺ አልኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጀሁ። አርብ ማይኩ ፊት ተቀመጥኩ፣ ያስቀመጥኳቸውን ቃላት አንድ ባንድ አወጣሁ፣ ቃሎቹ ያው ናቸው፣ ግን ከአፌ እንደወጡ ይወድቃሉ። ኡስታዝ ከማል ማዳመጫውን ካንድ ጆሮው ላይ አነሳ። «ምነው ልጄ፣ የባለፈውን ድምፅህን አምጣው እንጂ» አለኝ በትህትና፣ እረፍት ላይ ደግሞ ለኢድሪስ ልቀቅለት አለኝ። ተነስቼ ወጣሁ፣ ሜዳው ዳር ካለው ፀጉር አስተካካይ በር ሳልደርስ ከእሱ ራዲዮ ሁለቴ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ።

ፈራ ብለህ እንዳታስብ፣ ፍርሃቱ በኋላ ነው የመጣው፣ በዚያች ቅጽበት የበላኝ ቅናት ነው። በኢድሪስ እንኳ እንዲህ አልቀናሁም። ዞሬ ሳይ፣ በሰው ትከሻ መሃል፣ እኔ በተነሳሁበት ወንበር ላይ የተቀመጠ ጀርባ አየሁ፣ አንዱ እጅጌ ካንዱ ይለያል። እየገፋሁ ስደርስ ወንበሩ ባዶ ነው። ነካሁት፣ ይሞቃል፣ ፀሐይ ይሆናላ።

«ደግሞ ምን ረስተህ ተመለስክ?» አለኝ ኢድሪስ፣ ቀና ሳይል።

ከዚያ ወዲህ ሜዳ አልሄድም። አርብ አርብ ሱቄን ከውስጥ ቆልፌ ያን ድምፅ እሰማዋለሁ፣ በየሳምንቱ እያማረበት ነው፣ ደንበኞቼ መጥተው ያመሰግኑኛል፣ እኔም አመሰግናለሁ እላለሁ፣ ሌላ ምን ልበል?

ዛሬ ግን መብራት ጠፍቶ የፕሮግራሙ መጨረሻ አመለጠኝ። ትንሽ ቆይታ እናቴ ከኡም ጋርጉር ደወለች።

«ሙሉዬ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እኔ ቤት ተሰብስቦ ሰማህ፣ ኮራሁ ልጄ። አልጋህንም አንጥፌልሃለሁ።»

«የምን አልጋ፣ እማ?»

«ነገ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ አላልክም እንዴ፣ አሁን በራዲዮው?»

እኔ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ልሄድ ነው። ቀድሜው እንደምደርስ አላውቅም። እስክደርስ ድረስ ማንም ቢያንኳኳ በሩን እንዳትከፍት ደጋግሜ ለመንኳት፣ እሷ ግን ሳቀችብኝ።

«ምን አስጨነቀህ፣ ድምፅህን እለየው የለ?»