ሰማይ ላይ ሰው እያለ

ይህ የሆነው በእኔ በራሴ ላይ ነው። ጓደኛዬ ነገረችኝ፣ ሰው ሲያወራ ሰማሁ የሚባል ነገር የለም።

ያላመነ ይለፈው፣ አልጣላም። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እኔም አላምንም ነበር።

ጨለማ አልነበረም። ባለፈው ነሐሴ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት... ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ፣ ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አንድ የጡብ ቤት ውስጥ ነው።

አጸደ እባላለሁ። ሥራዬ ቤት ለቤት እየሄድኩ አዛውንት መንከባከብ ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ... ማጠብ፣ ማልበስ፣ መመገብ፣ አንዱን ታሪክ መቶ ጊዜ መስማት።

የምሠራበት ኤጀንሲ ሚስተር ኤሊስ የሚባሉ ሽማግሌ ጋ መደበኝ። ዘጠናን ያለፉ፣ ልጅ የሌላቸው፣ ጨዋ ሰው። ስገባ ከወንበራቸው ብድግ ለማለት ይታገላሉ። "ኧረ ይቀመጡ" እላለሁ፣ አይሰሙኝም።

የሳቸው ታሪክ ኤርፖርታቸው ነው።

በወጣትነታቸው ከሰው አገር የራቀች አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ይኖሩ ነበር። ስሟን ነግረውኛል፣ እዚህ ግን አልጽፈውም። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች መጥተው ድንጋይ ፈልጠው፣ ጠጠር አልብሰው ማኮብኮቢያ ሠሩባት። ጦርነቱ ሲያልቅ ጥለውት ሄዱ። የደሴቲቱ ሰዎች፣ ጥቂት ዓሣ አጥማጆችና በግ አርቢዎች፣ ኤርፖርት አደረጉት።

ኤርፖርት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ሬድዮ። ሠራተኛውም አንድ ሚስተር ኤሊስ ብቻ። ሻንጣ ይመዝናሉ፣ በጎቹን ከማኮብኮቢያው ላይ ያባርራሉ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ለፓይለቱ በሬድዮ ይነግራሉ። አውሮፕላኗ ዱቄትና ፖስታ ታመጣለች፣ የታመመ ትወስዳለች። ሚስታቸውም ሙሽራ ሆና የመጣችው በእሷ ነው።

እዚያ አንድ ሕግ ነበራቸው።

"ሰማይ ላይ ሰው እያለ ወንበሩ ባዶ አይሆንም" ይሉኛል።

ሬድዮ የያዘ ሰው አውሮፕላኗ እስክትወርድ አይነሳም። ቢታመም እንኳ ተተኪው ሳይመጣ አይነሳም። ደግ ሕግ ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ ቀን ታዲያ ደሴቲቱ ላይ ጭጋግ ወረደ። አውሮፕላኗ ሰው ጭና እየመጣች ነበር፣ ሚስታቸውም ተሳፍራለች። ፓይለቱ "ልውረድ?" ይላል። እሳቸው "ጠብቅ፣ ጭጋግ ነው" ይላሉ። የቀረው ነዳጅ ለአንድ ሰዓት እንኳ አይበቃም።

ሰዓቱ አለፈ። ፓይለቱ ግን መጥራቱን አላቆመም።

መሸ... ነጋ... አላቆመም።

"ከዚያስ?" አልኳቸው።

"እስከ ዛሬ አላቆመም" አሉኝ።

ኤርፖርቱ ተዘጋ፣ ሰዉም ደሴቲቱን እየለቀቀ ሄደ። እሳቸው ሬድዮውን ተሸክመው እዚህ፣ ባሕር በሌለበት አገር መጥተው ተቀመጡ።

ሬድዮው በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ገመድ የለውም፤ ስወለውል ስንቴ አንስቼዋለሁ። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ግን እዚያ አስቀምጣቸዋለሁ። ማይኩን ይይዙና ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ለእኔ ምንም አይሰማኝም። "ጠብቁ። ጭጋግ ነው" ይላሉ። ከዚያ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ሻያቸውን ይጠጣሉ።

የእርጅና ነገር ነው አልኩ። በዚህ ሥራ ከዚህ የባሰ አይቻለሁ።

ግን ትንንሽ ነገሮች ነበሩ...

ኮሎራዶ ያላችሁ ታውቃላችሁ፣ ደረቅ አገር ነው። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አፍንጫ ይደማል፣ በረንዳ ላይ የሰጣችሁት ልብስ ዞር ሳትሉ ይደርቃል። እዚያ ቤት ግን ከልብስ ማድረቂያው ማሽን ትኩስ ሆኖ የወጣ አንሶላ አልጋው ጋ ስደርስ እርጥብ ነው። የመስኮቱን ደፍ ስጠርግ ጨርቄ ነጭ ነገር ይይዛል። አንድ ቀን ቀመስኩት። ጨው ነው።

ጓሮው ውስጥ ደግሞ የነፋስ አቅጣጫ የምታሳይ ቀይ የጨርቅ ቱቦ እንጨት ላይ ሰቅለዋል። የጎረቤት ዛፍ ወዲህ ሲያዘነብል እሷ ወዲያ ትነፋለች።

ሁልጊዜ ወዲያ።

"ለምን ውረዱ አይሏቸውም?" አልኳቸው አንድ ቀን፣ ጨዋታ ለማምጣት ያህል።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የሚስቴ ድምፅ ከኋላ ይሰማኛል። 'መቼ ነው የምንወርደው?' ትላለች። አንጀቴን ትበላዋለች።"

"ታዲያስ?"

"ድምፃቸው ከላይ አይመጣም፣ ልጄ... ከታች ነው የሚመጣው።"

ያን ቀን እዚያ ክፍል ብቻዬን መወልወል ፈራሁ።

ሌላ ቀን ፀጉራቸውን ሳበጥር ጠየቁኝ። "እናንተ አገር ሰው የሚሳሳለትን ነገር ለሌላ ሰው ትቶ ሲሄድ ምን ይላል?"

ይቺ አፌ። "አደራ ይላል" አልኳቸው። ኮራ ብዬም አስረዳኋቸው። አደራ ተብሎ ተቀባዩ እሺ ካለ አለቀ። እኛ ዘንድ አደራ የበላ ከሰው አይቆጠርም አልኩ።

"አደራ" ብለው ደገሙት። ሲለማመዱት ሰነበቱ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ።

ያ መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁ የነሐሴ ቀን እናቴ ከአገር ቤት የምትመጣበት ቀን ነበር።

ስንት ዓመት ቪዛ ተከልክላ፣ ስንት ተለቅሶ። እህቴ ሳራ ቀድማኝ ኤርፖርት ሄዳለች። እኔ ሺፍቴን ለሥራ ባልደረባዬ ለእንዳልክ አስረክቤ ልከተላት ነው። እማዬ ዘርፈሽዋል ከአገሯ ወጥታ አታውቅም፣ እንግሊዝኛ አትሰማም። መንገድ እንዳይጠፋት ብለን ደህና እግር እያላት ዊልቸር ጠይቀንላታል። ስትወጪ መጀመሪያ የምታዪው እኔን ነው ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ።

ሚስተር ኤሊስ ያን ሳምንት ደክመዋል። ነርሷ የመጨረሻቸው እንደሆነ ነግራናለች። አልጋቸውን ወደ ሬድዮው ክፍል አስገብተን፣ እኔ ያ ወንበር ላይ ሆኜ ማይኩን አፋቸው ጋ እይዝላቸዋለሁ።

አስር ሰዓት ሊሆን ሲል ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። ስልክ ላነሳ ስል እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ማይኩን መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉብኝ።

"አደራ" አሉኝ።

ጥርት ባለ አማርኛ።

እስቲ ፍረዱኝ። የሚሞት ሽማግሌ እጅ ይዞ አደራ ሲል እምቢ ይባላል?

"እሺ" አልኩ።

ፈገግ አሉና ሄዱ።

ዓይናቸውን ከደንኩላቸው። ነፍስ ይማር ብዬ ወደ ስልኬ ስዞር... ሬድዮው ሽሽሽ አለ።

"ልውረድ?"

የወንድ ድምፅ ነው፣ በእንግሊዝኛ። የደከመ። ጉሮሮው ውስጥ ውኃ ያለ ይመስላል።

ማይኩን ጥዬ ሮጥኩ። የፊቱን በር በረገድኩት።

መንገዱ የለም።

ሁሉም ነጭ ነው። የዘረጋሁት እጄ አይታየኝም። አንድ እግሬን ወደ ደረጃው ሰደድኩ... ደረጃም የለም። የረገጥኩት ጠጠር ነው። ከሩቅ፣ ከነጩ ውስጥ፣ በግ ጮኸ።

ተመልሼ በሩን ዘጋሁ። የጓሮውን ከፈትኩ። እዚያም ጠጠር፣ እዚያም ጭጋግ።

ስልኬ ጠራ። እንዳልክ ነው።

"አጸዱ፣ በሩን ክፈቺልኝ እንጂ። ቆሜ ቀረሁ።"

"የት ነህ?"

"በሩ ላይ። እያንኳኳሁ ነው እኮ።"

ምንም አይንኳኳም። ወደ ፊቱ በር ሮጬ ከፈትኩት። ማንም የለም።

"እንዳልክ... እጅህን ጭጋጉ ውስጥ ዘርጋልኝ።"

"የምን ጭጋግ? እኔ እዚህ በፀሐይ እየተጠበስኩ ነው። ደህና ነሽ?"

መስመሩ ተቋረጠ። ከኋላዬ ሬድዮው "ልውረድ?" አለ።

ወዲያው ሳራ ደወለች።

"የት ደረስሽ? የእማዬ አውሮፕላን አልወረደም። ከላይ ይዞራል አሉ።"

"ለምን?"

"እንጃ። ሰማዩ ኩልል ያለ ነው። ፈቃድ እየጠበቀ ነው ይላሉ።"

"ከማን?"

"እኔ በምን አውቄ።"

ሌላ መሄጃ አልነበረኝም፣ ተመልሼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ማይኩን ከወለል አነሳሁ። እሳቸው ሲያደርጉ እንዳየሁት ተጫንኩት።

"ጠብቁ" አልኩ። "ጭጋግ ነው።"

ሬድዮው ጸጥ አለ። እፎይ ልል ነበር...

ከዚያ፣ ከፓይለቱ ጀርባ፣ ሰው ሳለ።

ያቺን ሳል ሺህ ሰው መሃል ብትሆን አልስታትም።

"ኧረ እናንተ ልጆች... መቼ ነው የምንወርደው?" አለች፣ በአማርኛ። "ልጄ ቆማ ትጠብቀኛለች እኮ።"

እማዬ ናት።

የሚስተር ኤሊስ ሚስት ትዝ አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ጠብቁ ስትባል የኖረችው። እኔም እዚህ ወንበር ላይ አርጅቼ፣ በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ እናቴን ጠብቂ ልላት ነው? እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል።

ወደ አልጋው ዞርኩ፣ ይቅር ይበሉኝ ልላቸው። የከደንኩት ዓይናቸው ተከፍቷል። የሚያዩት እኔን አይደለም። ወለሉን ነው።

"ልውረድ?" አለ ፓይለቱ።

"ልጄ..." አለች እማዬ።

"ውረዱ" አልኩ።

ብርሃን መስኮቱን ሞላው። ጭጋግ የለም፣ ጠጠር የለም። የፊቱ በር ሲንኳኳ ተሰማኝ፣ እንዳልክ ስሜን እየጠራ ነው። ጓሮ ውስጥ ያቺ ቀይ ቱቦ ለመጀመሪያ ጊዜ መነፋቷን ትታ ወደ ታች ተንጠልጥላለች።

አደራ በላሁ። አውቄ ነው የበላሁት። ለእናቴ ስል ዛሬም እበላዋለሁ።

ሳራ መልሳ ደወለች። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች።

"አረፈ አጸዱ። እየወጡ ነው።"

"እማዬስ?"

"አለች። ዊልቸር ላይ ናት፣ ከፊት። እየሳቀች ነው።"

ከዚያ በሹክሹክታ...

"አጸዱ... ለምንድን ነው ሁሉም የረጠቡት?"

እማዬ አሁን እኔ ጋ ናት። ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ትቆጣኛለች፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይዣት እሄዳለሁ። ስለ በረራው ስጠይቃት "ረጅም ነበር" ብቻ ትለኛለች። ሳራ ስለዚያ ቀን ማውራት አትፈልግም፣ እኔም አልጫናትም።

አንድ ነገር ብቻ አለ። በመጣች ዕለት ለብሳው የነበረውን ነጠላ በማግስቱ አጥቤ በረንዳ ላይ ሰጥቼዋለሁ። ደረቅ አገር ነው ብያችኋለሁ። አሁን በረዶ እየጣለ ነው፣ ሌላው ልብስ ሁሉ ደርቆ ቆርፍዷል። ነጠላው ግን እስካሁን ይንጠባጠባል። ከሥሩ ያስቀመጥኩትን ባልዲ ጠዋት ጠዋት ስደፋ ከታቹ ጨው ይቀራል።

ዛሬ ልቤ አልቻለም። ላወርደው እጄን ዘረጋሁ።

እማዬ ከሳሎን ሆና፣ ዞር ሳትል፣ ቀስ ብላ ተናገረችኝ።

"ተዪው ልጄ... ገና ሁሉም አልወረዱም።"