የገሪማ ጠመኔ

«የተሰበረው እጄ ነው እንጂ እግሬ አይደለም፤ ምን አልጋ ላይ ታስሩኛላችሁ?» አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ በጀሶ የታሰረውን ክንዳቸውን ትራሱ ላይ እያስተካከሉ።

ሒባ ያመጣችውን የማንጎ ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከትጊ አጠገብ ተቀመጠች። ትጊ የወይዘሮ ሮማነወርቅ ልጅ ናት፤ ከሒባ ጋር ዘጠነኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ።

«እማዬ፣ ዝም ብለሽ ተኚ» አለች ትጊ። «ያ በያጅ ነው እንጂ መታሰር ያለበት። በናትሽ ሒቢ፣ ሰው እንዴት የደረጃ መደገፊያ በደንብ ሳይበይድ ቀለም ቀብቶ ይሰጣል? አባትሽ እንኳን አባረሩት!»

ሒባ ማንጎዎቹን አንድ በአንድ ከፌስታሉ ማውጣት ጀመረች። ማንም አውጪ አላላትም።

«እኔስ ያሳዝነኛል» አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ። «ደረጃውን ሊለካ የመጣ ቀን፣ ‹ግዴለም ግባ› እያልኩት ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የገባው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት በሥራው ይቀልዳል?»

ሒባ የቤት ሥራ አለብኝ ብላ ተነሣች። የቤት ሥራ አልነበራትም። 

የሒባ አባት ነዚፍ ከባጃጅ ማቆሚያው ፊት ለፊት የብረታ ብረት ቤት አለው። ዲላ ውስጥ በብረት አበባ ያጌጠ የግቢ በር ካያችሁ፣ አበባውን በመዶሻ ያጠፈው የነዚፍ በያጅ ገሪማ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ገሪማ በዲላ አቅራቢያ ያለችው የቡሌ ሰው ነው፤ አፉን የፈታው በአማርኛ አይደለም። ብረት እጁ ላይ እንደ ሊጥ ይታዘዝለታል፤ አማርኛው ግን ወንድና ሴት አይለይለትም። ሒባን ከሕፃንነቷ ጀምሮ «አንተ» ሲላት ኖሯል፤ እሷም ለምዳዋለች፤ እንዲያውም ሌላ ሰው እንዲያርመው አትፈልግም።

ቤቱ አንድ ሕግ አለው። ገሪማ አዲስ ሥራ ሲጀምር ብረቶቹን መጀመሪያ በትንንሽ የብየዳ ነጥብ ብቻ ያያይዛቸዋል፤ ቅርጹ እንዳይጣመም ነው። በነጥብ ብቻ የተያዘ መጋጠሚያ ላይ ሁሉ በጠመኔ ኤክስ ያደርጋል። ዙሪያውን በይዶ ሲጨርስ ኤክሱን በአውራ ጣቱ ያጠፋዋል። ጠመኔ ያለበትን ብረት ማንም ቀለም አይቀባም። አንዴ ከተቀባ ነጥቡም ሙሉው ብየዳም ላይ ላዩን አንድ ናቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት የሒባ ሥራ ነበር። የትጊ ቤት መደገፊያ በተቀባበት ቅዳሜ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ገሪማ ሥራውን አቋርጦ ቡሌ ለቅሶ ሄዷል። ነዚፍ ደግሞ ላሜራ ሊገዛ ሲወጣ፣ «የትጊን ቤት መደገፊያ ሳትጨርሺ ንቅንቅ እንዳትዪ፤ ነገ ይገጠማል» ብሏት ነበር። ትጊ በሩ ላይ ቆማለች። የክፍላቸው ቡድን ለዋንጫ የሚጫወትበት ቀን ነው።

«ሒቢ፣ ፍጠኚ አቦ! የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ እኮ!»

መደገፊያው ተቀብቶ ሊያልቅ ታችኛው ጫፍ ብቻ ቀርቷል። እዚያ ላይ ኤክሶች አሉ። ሒባ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። አባቷን ልጠብቅ ብትል ጨዋታው ያልፋል። ገሪማ ማጥፋት ረስቶ ነው አለች ለራሷ። ገሪማ ረስቶ አያውቅም፤ ይህንንም ታውቃለች። ጠመኔውን በመዳፏ ጠራርጋ ቀባችው፤ ከዚያ እየሮጠች ሄደች። ቡድናቸው አሸነፈ፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ ጮኸች።

ነዚፍ ሲመለስ ጠመኔ የለም። ገሪማ መብራት ሳይጠፋ ጨርሶት ነው የሄደው ብሎ እሁድ ወስዶ ገጠመው። ገሪማ ከለቅሶ ሲመለስ መደገፊያው ተወስዷል። መብራት ሲመጣ ጋሽ ነዚፍ በይደው ጨርሰውታል ብሎ አልጠየቀም። እንዲህ ያለው ነገር ያለ ወሬ፣ በጠመኔ ብቻ ነበር በመካከላቸው የሚያልቀው። ሳምንት ሳይሞላ ወይዘሮ ሮማነወርቅ የታጠበ ልብስ ታቅፈው ደረጃውን ሲወርዱ መደገፊያውን ተደገፉት፤ ከታች ተነቅሎ አብሯቸው ወደቀ።

ነዚፍ የተነቀለውን ብረት አምጥቶ ገሪማ እግር ሥር ወረወረው። ሒባ ከነዩኒፎርሟ እዚያው ቆማ ነበር። ገሪማ ብረቱን አገላበጠው። የተላቀቀው ቦታ ላይ ያች ነጥብ ብቻዋን ታበራለች።

«ጠመኔ አድርጌ ነበር፣ ጋሼ» አለ።

«ጠመኔ ካለበት ማን ይቀባዋል? ሒባ? ወላሂ ሒባ ጠመኔ ያለበት አትነካም! ያስተማርኳት እኔ ነኝ!»

ገሪማ ዞር ብሎ አያት። ሒባ ዓይኗን ወደ ሲሚንቶው ሰበረች። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ ትላለች በልቧ።

«እንግዲያው ሳልበይድ አጥፍቼው ይሆናል» አለ ገሪማ ቀስ ብሎ። «ለቅሶ ነበረብኝ።»

«ውጣ፤ ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ!» አለው ነዚፍ። ገሪማ በዚያው ወጣ። ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ፣ የብየዳ ጭንብሉን ሚስማሩ ላይ ትቶ ነው የሄደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነዚፍ ብዙ አያወራም። «እንደ ወንድሜ ነበር የማምነው» ይላል አንዳንዴ፣ ለማንም ሳይሆን። ሒባ ይህን በሰማች ቁጥር ተነሥታ ትወጣለች።

ከትጊ ቤት ተመልሳ ባጃጅ ማቆሚያው ጋ ስትደርስ አንድ ሰው ዛፉ ሥር ቆሞ አየች። ገሪማ ነው። ከስቷል። መንገዱን መሻገር እንደፈራ ሰው የብረታ ብረት ቤቱን ከማዶ ያያል።

«ሒባ! ደህና ነህ?» አላት፣ ፊቱ በራ። «ጭንብሌ ውስጥ ቀርቷል። አንተ አምጣልኝ። እኔ መግባት... አይሆንም።»

«ሥራ አገኘህ፣ ጋሽ ገሪማ?»

«ከየት? ይርጋጨፌ ሄድኩ፣ ጨለለቅቱ ሄድኩ። ‹ነጥብ› ነው የሚሉኝ። ወሬው በሞተር ቀድሞኝ ይደርሳል።» ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። «ጭንብሉን የሚገዛ ሰው አገኘሁ። እኔ ቡሌ እርሻ ይሻለኛል።»

«እኔ መሆኔን ታውቃለህ» አለች ሒባ። «ለምን አልተናገርክም?»

ገሪማ መሬቱን በጫማው ጫረ። «አባትህ ‹ሒባ አትነካም› ሲል ፊቱን አላየህም? እንዴት እንደሚኮራብህ! ያንን እንዴት ላፍርስ? እኔ ሌላ ቦታ እሠራለሁ አልኩ። ተሳሳትኩ።»

ቢቆጣት በወደደች ነበር። ቢሰድባት ቀለል ይላት ነበር።

«ጠብቀኝ» ብላው ተሻገረች።

ነዚፍ አንድ የግቢ በር ላይ አጎንብሷል። አበባ የሌለው፣ ዘንግ ብቻ የተደረደረበት በር ነው፤ አበባ የሚያጥፍ የለም። ጭንብሉ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሒባ አላወረደችውም። ከጣሳው ውስጥ ጠመኔ አወጣችና በሩ መጋጠሚያ ላይ ኤክስ አደረገች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

ኤክሱን በመዳፏ ጠረገችው። ቡሩሹን ቀለም ውስጥ ነክራ ቦታውን ቀባችው።

«አባ» አለች፤ እንባዋ መጣ። «የትጊ ቤት መደገፊያ ላይ ጠመኔ ነበረ። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት። ጨዋታ እንዳያመልጠኝ ብዬ።»

ነዚፍ የነጣውን መዳፏን አየ። ከዚያ የብየዳ ማሽኑን አጠፋው።

«ገሪማ ያውቃል?»

«ያን ቀንም ያውቅ ነበር። አሁን ማዶ ቆሟል።»

ነዚፍ አልጮኸባትም፤ አላያትምም። ጓንቱን እያወለቀ ወጣ። ሒባ ከበሩ ሆና ሁለቱን አየቻቸው። አባቷ ይናገራል፤ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ገሪማ ራሱን ግራና ቀኝ ይነቀንቃል። ይመለሳል ወይስ አይመለስም፣ ከዚያ ርቀት ማወቅ አይቻልም ነበር።

እስኪጨርሱ አልጠበቀችም። ወደ ትጊ ቤት የሚወስደውን ዳገት ያዘች። ትጊ እናቷ ፊት ምን እንደምትላት፣ ነገ ከማን ጋር እንደምትቀመጥ እያሰበች ሄደች። እግሯ መለስ መለስ ሲል ፍጥነቷን ጨመረች።

በሩ ገርበብ ብሏል። ያመጣችው የማንጎ ሽታ በሩ ድረስ ይመጣል። «ማነው?» አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከውስጥ። «ሒባ ነሽ? ግቢ እንጂ የኔ ልጅ!»

ሒባ ጎንበስ ብላ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች።